ትንሹ ካሜራና ቴሌስኮፑ፦ አእዋፍን ከሩቅ ለመመዝገብ ካሜራ መምረጥና ማላመድ

ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች ከቀረበ የሕዝብ ገለጻ የተገለበጠ



ገለጻዬን በራሴ ስሕተት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በኅዳር ወር አንድ ማለዳ፣ ከአሰበ ተፈሪ ወደ ሚኤሶ ቆላ ወርጄ ነበር። ከመንገዱ መቶ ሜትር ያህል ርቃ አንዲት የግብጽ ጥንብ አንሣ መሬት ላይ ቆማ አየሁ። ቴሌስኮፔን ተክዬ ሳነጣጥር እግሯ ላይ ባለ ቀለም የፕላስቲክ ቀለበት፣ በቀለበቱም ላይ ሦስት ምልክቶች ተመለከትሁ። በዚያው ዓመት ብዙ ገንዘብ አውጥቼ የገዛሁትን፣ ሠላሳ እጥፍ ያቀርባል የተባለለትን ካሜራ ከቴሌስኮፑ ጋር አጋጠምሁት። በካሜራው ማያ ላይ የታየኝ ጥቁር መጋረጃ ነበር፤ በመካከሉ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ የጠበበች ብርሃን ትንቀጠቀጣለች። እኔ ካሜራውን ስገፋና ስስብ ወፏ ተነሥታ ሄደች።

በማስታወሻ ደብተሬ ላይ የቀረው ሁለት እርግጠኛ ምልክትና አንድ ጥርጣሬ ነው፤ ሦስተኛው 8 ቁጥር ይሁን ወይስ የላቲኑ «ቢ» አላወቅሁም። መረጃውን በሙያው ለሚሠሩ ሰዎች ስልክ አጭር መልስ መጣልኝ። ከጻፍሁት ጋር የሚስማሙ ሁለት ወፎች አሉ፤ አንደኛዋ ሁለት ዓመት ሙሉ በየትም አልታየችም፤ ፎቶግራፍ ይኖርዎት ይሆን? የሚል ነበር። ፎቶግራፍ አልነበረኝም። ያቺ ወፍ በሕይወት ትኑር አትኑር ሊመሰክር ይችል የነበረው ሰው እኔ ነበርሁ፤ ምስክርነቴ ግን ሳይጠቅም ቀረ።

ከዚያ ማለዳ የተማርሁት ነገር አንድ ነው፤ የዛሬው ገለጻም በሙሉ በእርሱ ላይ ያርፋል። የሚያስፈልገን ውድ ካሜራ ሳይሆን ከቴሌስኮፑ ጋር የሚስማማ ካሜራ ነው። መስማማቱንም ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት በማስመሪያ፣ በቁራጭ ወረቀትና በጥቂት ማባዛትና ማካፈል ማወቅ እንችላለን።

ፎቶግራፍ ለምን ያስፈልጋል?

በአገራችን ከ850 በላይ የአእዋፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። እያንዳንዱ መዝገብ ግን እኩል ማስረጃ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1990 በነጭ ሳር ሜዳ የተሠማራ የጥናት ቡድን በመንገድ ላይ የሞተች ወፍ አገኘ፤ ከአካሏ ለጥናት የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። በ1995 ዝርያው ለሳይንስ አዲስ ሆኖ ሲታወጅ «ሶላላ» የሚል ስም ተሰጠው፤ በላቲን ቋንቋ «ብቸኛ ክንፍ» ከሚሉ ቃላት የተገኘ ነው። አንድ ክንፍ በእጅ ላይ መኖሩ ያን ያህል ኃይል ነበረው። ብዙ ምሁራን አንድ ቦታ ቆመው «አየን» ቢሉ ኖሮ ነገሩ ክርክር ሆኖ ይቀር ነበር።

ጥንት ማስረጃ ማለት ተተኩሶ የወደቀ ወፍ ማለት ነበር። ዛሬ ሕጉም ኅሊናችንም ያንን አይፈቅዱም። በቦታው የተተካው ሌላ ሰው ሊመረምረው የሚችል ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ ማማሩ አያስፈልገውም፤ ጥያቄውን ከመለሰ በቂ ነው።

የእኛ አካባቢ ደግሞ ማስረጃ የሚያንሰው አካባቢ ነው። ወፍ ሊያዩ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡ ተመልካቾች በአብዛኛው ወደ አዋሽ ፓርክ፣ ወደ ባሌ ተራሮች፣ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይሄዳሉ። የጨርጨር ደጋ፣ የቁኒና የሙክታር ደኖች፣ የመሰላ ገደላ ገደሎች፣ ከአሰቦት ግርጌ እስከ ሚኤሶ የሚዘረጋው ቆላ ግን በአብዛኛው በመኪና መስኮት የሚታዩ ናቸው። እዚህ የሚኖረው እናንተ ናችሁ፤ ዓመቱን ሙሉ የምታዩትም እናንተ ናችሁ።

የግብጽ ጥንብ አንሣን ለምሳሌ እንውሰድ። በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡ ዝርያዎች ተርታ የተመደበች ናት። በባልካን አገሮች፣ በተለይ በቡልጋሪያና በግሪክ የሚራቡት ጥቂት ደርዘን ጥንዶች ብቻ ቀርተዋል። ከእነዚህ መካከል በሳተላይት መከታተያ የተጠኑት ሜዲትራኒያንን ዞረው፣ ቀይ ባሕርን ተከትለው ወደ አፍሪካ ሲወርዱ ታይተዋል፤ ከፊሎቹ ክረምታቸውን የሚያሳልፉት በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላማ ቦታዎች ነው። ማታ ማታ በኤሌክትሪክ ምሰሶዎችና በዛፎች ላይ በብዛት ያድራሉ። በአንዳንድ ምሰሶዎች ላይ በኤሌክትሪክ ይሞታሉ፤ በመርዝም ይሞታሉ። ከእነዚህ የአንዷን ቀለበት ማንበብ ማለት ከየት እንደ መጣች፣ ስንት ዓመት እንደ ኖረች፣ የትኛውን መንገድ እንደ ተረፈች ማወቅ ማለት ነው።

የዘዴው አመጣጥ

ዲጂስኮፒንግ የሚባለው ዘዴ ዲጂታል ካሜራን ከየብስ ቴሌስኮፕ የዓይን ሌንስ ኋላ አስቀምጦ ፎቶ ማንሣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ላውረንስ ፖህ የተባለ ማሌዥያዊ የወፍ ተመልካች ኒኮን ኩልፒክስ 950 የተሰኘችውን ትንሽ ካሜራ ወደ ቴሌስኮፑ አስጠግቶ በመሞከሩ ዘዴው በዓለም ተሠራጨ። ቃሉን የፈጠረው ደግሞ አለን ፎሴ የተባለ ፈረንሳዊ ነው።

ያቺ ካሜራ የነበራት ጥራት 2 ሚሊዮን ፒክስል ብቻ ነው። ዛሬ ብዙ ርካሽ ስልኮች ይበልጧታል። ታዲያ ለምን ዓመታት ሙሉ እርሷና ተከታዮቿ፣ እስከ 2002ቷ ኩልፒክስ 4500 ድረስ፣ በወፍ ተመልካቾች ዘንድ ተፈላጊ ሆኑ? ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው። የፊት መስተዋቷ ጠባብ ነበር። ዙም ስታደርግ ሌንሷ በአካሏ ውስጥ ይንቀሳቀሳል እንጂ ወደ ውጭ አይወጣም። በሌንሷ ዙሪያ 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጥርስ ስለ ነበራት ማያያዣ ቀለበት በቀላሉ ይጠመዝዝባት ነበር። ሠሪዎቿ ለወፍ ብለው አልሠሯትም፤ በአጋጣሚ ከቴሌስኮፕ ጋር ተስማማች። እነዚህን ሦስት ነገሮች በአእምሯችሁ ያዙልኝ።

ከመግዛት በፊት የሚሠሩ ሦስት ልኬቶች

የመጀመሪያው ልኬት የብርሃን ክቡ ነው። ቴሌስኮፑን ወደ ብሩህ ሰማይ አዙሩ፤ ወደ ፀሐይ ግን በፍጹም እንዳታዞሩ፤ ዓይን ያጠፋል። ከዓይን ሌንሱ ኋላ ነጭ ወረቀት ያዙና ቀስ እያላችሁ አርቁት። በወረቀቱ ላይ አንዲት ትንሽ ብሩህ ክብ ትታያለች። አንድ ርቀት ላይ ዳርቻዋ ጥርት ብሎ ትጠባለች፤ ቴሌስኮፑ የሰበሰበው ብርሃን ሁሉ የሚያልፈው በዚያች ነጥብ ነው። ከዓይን ሌንሱ መስተዋት እስከ ወረቀቱ ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ለኩ። የክቧም ስፋት የሚታወቅ ነው፤ የፊት ሌንሱን ስፋት ለማጉላቱ ማካፈል ነው። የፊት ሌንሱ 80 ሚሊ ሜትር፣ ማጉላቱ 20 ከሆነ ክቧ 4 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ማጉላቱን ወደ 60 ስታሳድጉ ከ1.4 ሚሊ ሜትር በታች ትወርዳለች።

ካሜራውም የራሱ የብርሃን ቀዳዳ አለው። ሌንሱን ከፊት ለፊት ብታዩት ጥቁሩ ቀዳዳ ከመስተዋቱ ኋላ ጠልቆ ይታያል። ሥራው ሁሉ ያቺን ብሩህ ክብ በዚህ ጥቁር ቀዳዳ ላይ ማሳረፍ ነው። ቀዳዳው ጥልቅ ከሆነ ክቧ አትደርስበትም፤ የጥጉ ብርሃን በመንገድ ይታገዳል፤ ፎቶውም በጥቁር መጋረጃ ይከበባል። ሠላሳ እጥፍ የሚያቀርበው የእኔ ካሜራ የሌንስ ቁልል የተደረደረበት ስለ ነበር ቀዳዳው በጣም ጠልቆ ነበር፤ በዚያ ላይ ዙም ባደረግሁ ቁጥር አፍንጫው እየወጣ የዓይን ሌንሱን ይገፋው ነበር። በሱቅ ውስጥ ያስደሰተኝ የማቅረብ ኃይሉ በሜዳ ላይ ጠላቴ ሆነ።

ሁለተኛው ልኬት የእይታ ስፋት ነው። በዓይን ሌንሱ ስንመለከት የሚታየን ክብ ሜዳ በዲግሪ ይለካል። ማጉላታቸው ቋሚ የሆነ ጥሩ የዓይን ሌንሶች 60 ዲግሪ ያህል አላቸው፤ ማጉላታቸው የሚለዋወጥ የዓይን ሌንሶች ግን በዝቅተኛ ማጉላት ላይ ብዙውን ጊዜ ወደ 40 ዲግሪ ገደማ ይጠባሉ። ካሜራው ከዚህ ሰፋ አድርጎ ካየ ከሜዳው ውጭ ያለውን ጥቁረት አብሮ ያነሣል። በተለመደው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ስሌት 28 የሆነ ሌንስ ከጥግ እስከ ጥግ 75 ዲግሪ ያያል፤ 50 የሆነ 47 ዲግሪ፤ 65 የሆነ 37 ዲግሪ። ስለዚህ ትንሹን ካሜራ ከ50 እስከ 70 ባለው መካከል ማቆም የጥጉን ጥቁረት ያጠፋዋል። ከዚህ የምንረዳው ሦስት ወይም አራት እጥፍ ዙም ብቻ ያለው ካሜራ በቂያችን መሆኑን ነው።

ሦስተኛው ልኬት የብርሃን ሒሳብ ነው። የካሜራውን ትክክለኛ የትኩረት ርቀት በቴሌስኮፑ ማጉላት አባዙ፤ ውጤቱን ለፊት ሌንሱ ስፋት አካፍሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣችውን ሶኒ አር.ኤክስ. 100 የተባለች ካሜራ እንውሰድ። 65 ላይ ስናቆማት ትክክለኛ የትኩረት ርቀቷ 24 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 24 ሲባዛ በ20፣ 480 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 480 ሲካፈል ለ80፣ 6 ይሆናል። ይህ ማለት የብርሃን ቁጥሩ ኤፍ 6 ነው፤ መልካም ቁጥር ነው። ማጉላቱን 60 ብናደርገው ግን ቁጥሩ 18 ይሆናል፤ ብርሃኑ ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል። ብዙ ጀማሪዎች ማጉላቱን እስከ ጫፍ ጠምዝዘው ምስሉ ለምን እንደ ደበዘዘ ይጠይቃሉ፤ መልሱ በዚህ ማካፈል ውስጥ አለ።

ቀለበቱ ይነበባል ወይ?

አሁን ወደ ሚኤሶዋ ወፍ እንመለስ። የቀለበቱ ፊደል ቁመት 10 ሚሊ ሜትር ነው እንበል፤ ወፏ 100 ሜትር ላይ ቆማለች። በ480 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ፊደሉ በካሜራው ሴንሰር ላይ የሚያርፈው 0.048 ሚሊ ሜትር ሆኖ ነው። በዚህች ካሜራ ሴንሰር ላይ አንድ ፒክስል 0.0024 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ፊደሉ 20 ፒክስል ቁመት ይኖረዋል። ከሌንስ ጉድለት፣ ከንፋስና ከአየር መዋዠቅ የተነሣ ግማሹ ቢጠፋ እንኳ ቀሪው 8ን ከ«ቢ» ለመለየት ያስችላል። ያቺው ካሜራ ያለ ቴሌስኮፕ፣ ዙሟን እስከ ጫፍ አውጥታ ብታነሣው ፊደሉ ሁለት ፒክስል እንኳ አይሞላም።

ይህን ስሌት አስቀድሜ በወረቀት ጀርባ ሠርቼው ቢሆን ኖሮ ያን ካሜራ አልገዛም ነበር።

ካሜራውን ስንመርጥ

ከላይ የተነገረው ካሜራ ቤት ስንገባ ወደ ጥቂት ጥያቄዎች ይለወጣል። በፒያሳም ይሁን በመርካቶ ያገለገለ ካሜራ ስትመለከቱ እንደ እኔ በማያው ድምቀትና በፒክስል ብዛት አትማረኩ።

የፊት መስተዋቱን ስፋት ተመልከቱ፤ ከዓይን ሌንሱ መስተዋት ያነሰ ይሁን። ካሜራውን አብሩና ዙሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንቀሳቅሱ፤ አፍንጫው ምን ያህል እንደሚወጣና ከሁሉም በላይ የሚረዝመው የት ላይ እንደሆነ ለኩ፤ ማያያዣው የሚሠራው በዚያ ልክ ነውና። ብርሃኑን፣ የመዝጊያውን ፍጥነትና ትኩረቱን በእጅ ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። የሁለት ሰከንድ መዘግየት ወይም በገመድ ወይም በርቀት የሚሠራ የማንሻ ቁልፍ ይኑረው፤ ጣት ቁልፉን ሲጫን የሚፈጠረው ንዝረት በሃያ እጥፍ ይጎላልና። ጥሬውን ፋይል የሚያስቀምጥ ከሆነ ይመረጣል። ባትሪው በአገር ውስጥ የሚገኝ ይሁን። በመጨረሻ ነጭ ግድግዳ አንሡና ፎቶውን አጉልታችሁ በሴንሰሩ ላይ የተቀመጠ አቧራ ፈልጉ፤ ያገለገሉ ትንንሽ ካሜራዎች ዋና ሕመም እርሱ ነው።

የሚቻል ከሆነ ቴሌስኮፑን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ይገረም ይሆናል፤ ይገረም። ካሜራውን በእጅ ከዓይን ሌንሱ አስጠግታችሁ ግማሽ ደቂቃ ብትመለከቱ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ታውቃላችሁ።

ማያያዣውን መሥራት

በፋብሪካ የተሠሩ ማያያዣዎች አሉ፤ ውድ ናቸው፤ እስኪመጡም ጊዜ ይፈጃሉ። እኔ የምጠቀምበት ግን የውሃ ቧንቧ ሠራተኞች ከሚጥሉት የፒ.ቪ.ሲ. ቱቦ ቁራጭ የተሠራ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የዓይን ሌንሱን የውጭ ስፋት ለኩና ከእርሱ ጥቂት የሚሰፋ ቱቦ ምረጡ። በመካከል የሚቀረውን ክፍተት ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በተቆረጠ ጥብጣብ ሙሉት፤ ላስቲኩ አጥብቆ ይይዛል፤ ቴሌስኮፑንም አይጭረውም። የቱቦው ርዝመት ዋናው ቁም ነገር ነው፤ የካሜራው አፍንጫ በጣም በሚወጣበት ጊዜ በሁለቱ መስተዋቶች መካከል ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ እንዲቀር አድርጉ። መጀመሪያ ረዘም አድርጋችሁ ቁረጡና በብርጭቆ ወረቀት እያሻችሁ አሳጥሩት፤ የተቆረጠ አይመለስም።

በካሜራው በኩል ሌንሱ ዙሪያ ጥርስ ካለው ቀለበት ይጠመዘዝበታል። ከሌለው በካሜራው ታች ባለው የመቆሚያ ቀዳዳ በኩል በኤል ቅርጽ የታጠፈ ጠፍጣፋ ብረት አስራችሁ ብረቱን ከቱቦው ጋር ታያይዛላችሁ። ብረቱ ላይ ክብ ቀዳዳ ሳይሆን ረዘም ያለ ስንጥቅ ይውጣለት፤ ካሜራውን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በማንሸራተት ሁለቱን መስተዋቶች በአንድ መስመር ላይ ለማዋል ያገለግላል። በማንኛውም ቶርኖ ቤት ያለ ባለሙያ ልኬቱ በትክክል ተጽፎ ከተሰጠው ይሠራዋል። «እንዲህ ዓይነት ነገር» ብላችሁ አትሂዱ፤ በሚሊ ሜትር ሥላችሁ ሂዱ።

የቱቦውን ውስጥ ጥቁር ከፋይ ጨርቅ ለጥፉበት። ነጩ ቱቦ ብርሃን እያንጸባረቀ ምስሉን ያገረጣዋል። የማንሻ ቁልፍ ገመድ የሌለው ካሜራ ከሆነ የሁለት ሰከንዱን መዘግየት ተጠቀሙ። ሌላው የማይዘነጋ ነገር ሚዛን ነው፤ 240 ግራም የሚመዝን ካሜራ በቴሌስኮፑ ጫፍ ሲንጠለጠል የፊቱ ወደ ላይ ይነሣል። ቴሌስኮፑን በመቆሚያው ላይ ወደ ፊት አንሸራቱት፤ እጃችሁን ስትለቁት ባለበት መቆም አለበት።

በሜዳ ላይ

መጀመሪያ ቴሌስኮፑን በዓይናችሁ አጥሩ፤ ከዚያ ካሜራውን ግጠሙ፤ ከዚያም በማያው ላይ ቀለበቱን ወይም የወፏን ዓይን አጉልታችሁ እየተመለከታችሁ የቴሌስኮፑን ማጥሪያ በቀስታ አስተካክሉ። የካሜራው የራሱ ማጥሪያ ሣርና ቅርንጫፍ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

የብርሃኑ ጉዳይ በደጋና በቆላ ይለያያል። በቆላው ጠራራ ፀሐይ፣ ኤፍ 5.6 ላይ፣ አይ.ኤስ.ኦ. 100 ሆኖ መዝጊያው በ1/800 ሰከንድ ይሠራል፤ ይህ ከበቂ በላይ ነው። በቁኒ ጥድና ወይራ ጥላ ሥር ግን ብርሃኑ ሠላሳ እጥፍ ሊቀንስ ይችላል፤ አይ.ኤስ.ኦ.ን 400 አድርገንም የምናገኘው 1/100 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ፍጥነት ወፏ ራሷን ስታዞር ትደበዝዛለች፤ ስለዚህ ደጋግሞ ማንሣት ነው፤ ከሃያው አንዱ ይጠራል።

በቆላ ጠላታችን ሌላ ነው። መሬቱ ሲግል አየሩ ይዋዥቃል፤ ምስሉም እንደ ውሃ ይሞገዳል። ይህን ማንም ሌንስ አያርመውም። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ረፋዱ ሦስት ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ በርቀት ላይ ያለ ቀለበት ለማንበብ መድከም ከንቱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ያደገች የግብጽ ጥንብ አንሣ ላባዋ ነጭ ነው፤ ቀለበቱ ደግሞ በሆዷ ጥላ ሥር ነው። ላባዋን ለማሳመር ብርሃኑን ብትቀንሱ ቀለበቱ ይጨልማል፤ ቀለበቱን ለማንበብ ብትጨምሩ ላባዋ ይነጣል። ሁለቱንም ማግኘት አይቻልም። የሄዳችሁት ቀለበቱን ልታነቡ ከሆነ ላባዋ ይንጣ። የፎቶው መልክ የሚወሰነው በጥያቄው ነው።

ፎቶው ከተነሣ በኋላ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ርቀቱን፣ ቀለበቱ በቀኝ ወይም በግራ እግር መሆኑን፣ የቀለበቱንና የጽሑፉን ቀለም ወዲያው ጻፉ። የካሜራው ሰዓት ከመነሣታችሁ በፊት ይስተካከል። ዋናውን ፋይል ሳትቆርጡና ሳታሳምሩ አስቀምጡት።

ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። ቴሌስኮፕ የተከለ ሰው በአካባቢያችን ጥያቄ ያስነሣል፤ በተለይ ወፎቹ የሚያድሩት በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ሲሆን፣ በባቡር ሐዲድ አቅራቢያም ሲሆን። አስቀድማችሁ ለቀበሌው አስተዳደር አሳውቁ፤ የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ ያዙ፤ ጥብቅ ቦታ ከሆነ ፈቃድ ጠይቁ። የሚመጣውን እረኛ ወይም ገበሬ ደግሞ አታባርሩ፤ በቴሌስኮፑ አሳዩት። የትኛው ምሰሶ ሥር የሞተ ወፍ እንደሚገኝ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው ማሳሰቢያ ወደ ወፏ አትቅረቡ የሚል ነው። ይህ ዘዴ የተፈለገው ሳንቀርብ እንድናይ ነው፤ በማደሪያዋ ወይም በጎጆዋ ያለች ወፍ እኛን አይታ ከተነሣች ሥራችን ተበላሽቷል።

ከተሳታፊዎች ጥያቄ

አንድ ተማሪ፦ ዶክተር፣ እኛ ካሜራ የመግዛት አቅም የለንም። ስልክ አይበቃም?

መልስ፦ በስልክ ጀምር። እንዲያውም ስልክ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሌንሱ ትንሽ ስለሆነ የብርሃን ቀዳዳው ከመስተዋቱ ሥር ነው፤ ከዓይን ሌንሱ ጋር ያለ ብዙ ድካም ይስማማል። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሰፊ ስለሚያይ ምስሉ በክብ ውስጥ ይቀራል፤ ፊደሉም በጥቂት ፒክስል ይወሰናል፤ ስለዚህ ቀለበት ለማንበብ በጣም የቀረበች ወፍ ያስፈልግሃል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ብዙ ስልኮች ምስሉን በራሳቸው ያሳምራሉ፤ የደበዘዘውን መስመር ሲያጠሩ ያልነበረ መስመር ሊሥሉ ይችላሉ። ማስረጃ ስንፈልግ ይህ አደጋ ነው። ማሳመሪያውን አጥፋ፤ ደጋግመህ አንሣ፤ በሁሉም ፎቶ ላይ አንድ ዓይነት የሚነበበውን ብቻ ተቀበል።

አንዲት መምህርት፦ ትልቅ ሌንስ ያለው የባለሙያ ካሜራ ይህን ሁሉ ድካም አያስቀርም?

መልስ፦ ለበራሪ ወፍ አዎን፤ ዲጂስኮፒንግ ለምትበር ወፍ አይሆንም። ነገር ግን የቆመች ወፍን በዝርዝር ለማየት በዚህ ደረጃ የሚያቀርብ ሌንስ ዋጋውም ክብደቱም ከአንድ ትምህርት ክፍል አቅም በላይ ነው። ቴሌስኮፑ ደግሞ ያለ ካሜራም ያስፈልገናል፤ ለቆጠራ፣ ለማስተማር። ትንሿ ካሜራ ያለንን ቴሌስኮፕ ወደ መመዝገቢያ ትለውጠዋለች።

ማጠቃለያ

ያን ሠላሳ እጥፍ የሚያቀርብ ካሜራ አልሸጥሁትም፤ በቢሮዬ መደርደሪያ ላይ አለ፤ ተማሪ ካሜራ ልግዛ ብሎ ሲመጣ አሳየዋለሁ። አሁን የምይዘው ያገለገለ፣ ጠርዙ የተፋቀ፣ ዙሙ ከአራት እጥፍ የማይበልጥ ካሜራ ነው፤ ከቱቦ ማያያዣው ጋር በአንድ የትከሻ ቦርሳ ይገባል። የቀለበቷን ወፍ በድጋሚ አላገኘኋትም። ሆኖም በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ወደ ሚኤሶ እወርዳለሁ። በዚህ ዓመት ከእናንተ ጥቂቶቹ አብራችሁኝ ብትወርዱ፣ ማስመሪያና ነጭ ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ የቀረውን እዚያው እንሠራለን።